ደቦውን የጠራው ማን ነው?
ስለ ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ የሥራ ካምፕ ትምህርታዊ ዋጋ የቀረበ ሂስ

፩. የጥያቄው አመጣጥ

ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ወጣቶች በአንድ መንደር ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት አብረው እየኖሩ፣ ያለ ደመወዝ የጉልበት ሥራ የሚሠሩበት አሠራር በተለምዶ «የሥራ ካምፕ» ይባላል። ይህ አሠራር በጃፓን የገጠር መንደሮች ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ ስለ እርሱ የሚሰማ ወይም የሚያነብ ኢትዮጵያዊ መምህር ሁለት ሐሳቦች ሊመጡበት ይችላሉ። አንደኛው፣ ተማሪዎቻችን ወደዚያ ሄደው የመሳተፍ ዕድል ቢያገኙ መልካም ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ያንኑ የመሰለ ካምፕ በእኛም አገር ቢቋቋም ትምህርት ቤቶቻችን ይታደሳሉ፣ ወጣቶቻችንም ሥራን ያከብራሉ የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ሐሳቦች ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ሁኔታ አንጻር መመርመር ነው።

ጥያቄው ለአካባቢው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ዘልቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶችን ከመዝጋቱም በላይ እጅግ ብዙ ሕፃናትን ከገበታቸው አፈናቅሏል። ከእንዲህ ዓይነቱ ዘመን በኋላ ግድግዳ መጠገኑ፣ ጣሪያ መክደኑና አጥር ማጠሩ የማይቀር ነው። ታዲያ ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነው? በማን ጥሪ ይሠራል? ተማሪውስ ከሥራው ምን ትምህርት ያገኛል? ዕቅድ አውጪው ለእነዚህ ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ ካላዘጋጀ፣ መልሱ በአጋጣሚ ይሰጣል።

ከዚህ በታች በዝርዝር የሚታየው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የአንድን የሥራ ካምፕ ትምህርታዊ ዋጋ ለመመዘን ስንት ሰው መጣ፣ ከየት አገር መጣ፣ ስንት ሜትር ግንብ ተገነባ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የአገራችን ገበሬ ዘወትር የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ደቦውን የጠራው ማን ነው?

፪. የሥራ ካምፕ አነሣሥና የጃፓን ልምድ

የሥራ ካምፕ የተወለደው በጦርነት ፍርስራሽ ላይ ነው። ፒየር ሴሬዞል የተባሉ የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920 መገባደጃ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በቬርደን አቅራቢያ በጦርነቱ የፈረሰች አንዲት የፈረንሳይ መንደር መልሰው ለመሥራት ተሠማሩ። ከባልደረቦቻቸው መካከል ጀርመኖች ነበሩ። የአፍራሹ ወገን ልጅ ቤቱ ከፈረሰበት ሰው ጋር አብሮ ድንጋይ ቢሸከም፣ በወረቀት ከሚፈረም ውል የበለጠ እርቅ ይወርዳል የሚል እምነት ነበራቸው። ይሁን እንጂ በጀርመኖቹ መኖር ምክንያት ተቃውሞ ተነሥቶ ሥራው በጥቂት ወራት ውስጥ ተቋረጠ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በልዩ ልዩ አገሮች ከተስፋፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 በዩኔስኮ ድጋፍ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ድርጅቶች ዓለም አቀፍ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከመጀመሪያው ካምፕ መቋረጥ የሚገኘው ትምህርት ግን ዛሬም ሊዘነጋ አይገባም። የሠራተኛው ቅንነት የቱንም ያህል ቢሆን የባለቤቱን ፈቃድ አይተካም።

በጃፓንም አጀማመሩ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። ፍሎይድ ሽሞ የተባሉ አሜሪካዊ የደን ትምህርት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1949 በአቶሚክ ቦምብ ወደወደመችው ሂሮሺማ ሄደው፣ ከአሜሪካውያንና ከጃፓናውያን በጎ ፈቃደኞች ጋር መኖሪያ ላጡ ሰዎች ቤት መሥራት ጀመሩ። በዚያ ጥረት ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በከተማዋ የሰላም መታሰቢያ ሙዚየም ሥር ለጎብኚዎች ክፍት ሆኗል። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በለጸገች፤ የካምፑም ጠባይ ተለወጠ። በአሕጽሮት «ናይስ» እየተባለ የሚጠራው የጃፓን የሥራ ካምፕ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲመሠረት፣ የአገሪቱን ገጠር ያስጨንቀው የነበረው ነገር የቤት እጦት መሆኑ ቀርቶ የሰው እጦት ሆኗል። ወጣቱ ወደ ከተማ ፈልሶ በመንደሩ የቀሩት አረጋውያን ነበሩ። ዛሬ በጃፓን ከአራት ሰው ከአንድ የሚበልጠው ዕድሜው 65 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ልጅ በማጣትም በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ።

ካምፑ በአብዛኛው የሚከናወነው እንዲህ ነው። የመንደሩ ማኅበር ወይም የአካባቢው አስተዳደር ሥራውንና ጊዜውን ለአስተባባሪው ድርጅት ያስታውቃል። ድርጅቱም በሌሎች አገሮች ከሚገኙ አቻዎቹ ጋር ሆኖ ጥቂት ወጣቶችን ይመለምላል። ተሳታፊዎቹ የጉዞ ወጪያቸውን ራሳቸው ይችላሉ፤ መንደሩ ማደሪያና ስንቅ ያቀርባል፤ ምግባቸውን በተራ ያበስላሉ። ማደሪያቸው የመንደሩ አዳራሽ፣ አንዳንድ ጊዜም ተማሪ አልባ ሆኖ የተዘጋ ትምህርት ቤት ነው። ሥራቸው የሩዝ እርከን ማረም፣ ሣር ማጨድ፣ የተጨናነቀ ደን ማሳሳትና ለመንደሩ ዓመት በዓል ዝግጅት ማገዝ ነው።

ይህ አሠራር በጃፓን እንግዳ ተክል አልነበረም። የጃፓን ገበሬዎች «ዩኢ» የሚሉት የሥራ መለዋወጫ ልማድ ከጥንት ጀምሮ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በሺራካዋ ጎ መንደር፣ ተዳፋትነታቸው እጅግ የበዛ የሣር ክዳን ቤቶች አሉ። የአንዱ ቤት ክዳን በሚታደስበት ዕለት በመቶ የሚቆጠር ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ይሠራል፤ ዛሬ የተረዳ ቤተሰብም ነገ በጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ይገኛል። ይህን የሚያነብ የጎንደር ሰው ነገሩን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በእኛ ዘንድ ስሙ ወንፈል ነው።

፫. የጃፓኑ ካምፕ ብርታትና ጉድለት

የጃፓን መንደር ካምፕ ሦስት ብርታቶች አሉት። የመጀመሪያው፣ ጠሪው ባለቤቱ መሆኑ ነው። መንደሩ ያልጠየቀው ሥራ አይሠራም። ሁለተኛው፣ የዕውቀት አቅጣጫው ከተለመደው መገልበጡ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ወጣት ማጭድ አያያዝ አያውቅም፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ያስተምሩታል። በዚያ ማሳ መምህሩ ሽማግሌው፣ ደቀ መዝሙሩ ምሁሩ ነው። ይህ ለውጥ ለወጣቱ ከብዙ ገለጻ የሚበልጥ የግብረ ገብ ትምህርት ይሆነዋል። ሦስተኛው፣ ኑሮው ራሱ ትምህርት መሆኑ ነው። ቋንቋቸው የማይገናኝ ወጣቶች አንድ ድስት ከበው ምን እንደሚበላ፣ ዕቃውንም ማን እንደሚያጥብ መስማማት ይኖርባቸዋል።

ጉድለቶቹም ከዚህ አያንሱም። አንደኛ፣ ጊዜው አጭር ነው። ሁለት ሳምንት የአንድን ሥራ ወግ ለመቅመስ እንጂ ለመልመድ አይበቃም። ሁለተኛ፣ «ዓለም አቀፍ» የሚለው ስም ከሚሸፍነው ሰው ይልቅ የሚያገለው ይበዛል። ለጎንደር ወጣት ወደ ጃፓን የሚወስደው የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ከአንድ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ይበልጣል፤ የቪዛውም ነገር ሌላ ዳገት ነው። ስለዚህ በድሃና በሀብታም አገር መካከል ያለው ጉዞ በአብዛኛው ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። ሀብታሙ ወደ ድሃው ይሄዳል፤ ድሃው ብድሩን ለመመለስ አይችልም። ብድር የማይመለስበት ወንፈል ደግሞ ወንፈል አይባልም።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ የከፋ ሲሆን የሚገለጠው ካምፑ ከጃፓን መንደር ወጥቶ ወደ ድሃ አገር በሚሄድበት ጊዜ ነው። በጃፓን መንደር ሽማግሌውን መምህር ያደረገው የመንደሩ ክብርና አቅም ነው። ወጣቶቹ ባይመጡም መንደሩ አይራብም፤ ስለዚህ ሥራው አልጥምህ ሲለው «አይሆንም» ለማለት ይችላል። የእርዳታ ጥገኛ የሆነ መንደር ግን ያልፈለገውን ስጦታ እንኳ አመስግኖ ይቀበላል። በጎ ፈቃደኛው ግንበኛ ሳይሆን ግንብ ይገነባል፤ ግንበኛው የመንደሩ ሰው ቆሞ ያያል። ኢቫን ኢሊች የተባሉት የትምህርት ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1968 ለተሰበሰቡ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ባደረጉት ንግግር የነቀፉት ይህንኑ ነበር። ለማየትና ለመማር ከመጣችሁ ኑ፤ እናንተን ላልጠየቀ ሕዝብ በጎ ለማድረግ ከሆነ ግን ቅሩ የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ ነገር። ነቀፌታው የመረረ ቢሆንም መሠረቱ ግን ጽኑ ነው።

፬. በአገራችን የተሞከሩት

ሀ. ደቦና ወንፈል

በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃን አሞራ ደጋ የጋራ ሥራ ሕግ ያለው ሥራ ነው። በወንፈል ጉልበት ይቆጠራል፤ አንድ ቀን የሠራልህ ሰው አንድ ቀን ይጠብቅሃል። በደቦ ግን ባለቤቱ ቀን ቆርጦ ጎረቤቱን ይጠራል፤ እህልና ጠላ ያዘጋጃል፤ ሥራውንና መጠኑን የሚያመለክተው እርሱ ነው። የተጠራው ሰው ማጭዱን ወይም መንሹን ይዞ ይመጣል፤ ለባለቤቱ ሥራውን ሊያስተምረው አይመጣም። በመጨረሻ ሽማግሌ ይመርቃል። ጠሪ የሌለው ደቦ የለም። ሳይጠራ የመጣ ሠራተኛ ቢኖር የሚጠየቀው «ምን ፈልገህ ነው?» ተብሎ ነው።

ነገር ግን ደቦን ያለ ሂስ ማወደስ ከሐያሲ አይጠበቅም። ሰፊ ደቦ ለመጥራት ሰፊ ማድጋ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ባለጸጋው ከድሃው ይልቅ ብዙ ጉልበት ያገኛል። የሴቶችም ድካም አይቆጠርም። ወንዶቹ አንድ ቀን ሠርተው ሲመረቁ፣ ጌሾ የወቀጠችው፣ ውኃ የቀዳችው፣ ጠላ የጠመቀችውና እንጀራ የጋገረችው ሴት ግን የብዙ ቀን ሥራዋ እንደ ሥራ አይነሣላትም። ትምህርት ቤት ከደቦ በሚማርበት ጊዜ ይህን ጉድፍ አበጥሮ መጣል ይኖርበታል።

ለ. የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ

እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ነው። ኮሌጁ በጎንደር እንዲቆም ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በዚያ ዘመን በደምቢያ የደረሰው የወባ እልቂት እንደሆነ ይነገራል። ኮሌጁ ያወጣው የቡድን ሥልጠና ዘዴ ለርዕሳችን እጅግ ቅርብ ነው። የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒታሪያን ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ የወረዳ ጤና ጣቢያዎች እየተላኩ፣ ከሕዝቡ መካከል ኖረው ሕሙማንን ያክሙ፣ ስለ ምንጭና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ያስተምሩና ያሠሩ ነበር። ይህን ዘዴ ከሥራ ካምፕ የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ቡድኑ ሄዶ ሲመለስ ጤና ጣቢያው በቦታው ይቀራል፤ ሥራውም ለነጥብ የሚታሰብ የትምህርቱ ክፍል ነው። በጎ ፈቃድ ባይባልም በውጤቱ ከብዙ በጎ ፈቃድ የበለጠ ነው።

ሐ. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትና ዘመቻው

እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር እየወጡ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ በመምህርነት ሠርተዋል፤ የከተማውም ተማሪ ባላገሩን በዓይኑ አይቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ታላቅ መጠን አሳደገው። ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን እንዲዘምቱ ታቅዶ ነበር። ዘማቾቹ ፊደል አስቆጠሩ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠሩ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላም ገበሬውን በማኅበር አደራጁ።

የዘመቻውን በጎ ሥራ መካድ አይቻልም። ሆኖም በሂስ ሚዛን ሲታይ ሁለት ጉድለቶች ይታያሉ። አንደኛ፣ ጠሪው መንግሥት እንጂ መንደሩ አልነበረም፤ ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን እንዳይቀጥልና ሥራ እንዳያገኝ ይከለከል ስለነበር ዘማቹም ቢሆን በፈቃዱ የመጣ ነው ለማለት ያዳግታል። ሁለተኛ፣ ዘማቹ የተላከው ሊያስተምር፣ ሊያነቃና ሊያደራጅ ነበር፤ ከገበሬው ምን እንደሚማር በግልጽ የተሰጠው መመሪያ አልነበረም። ሳይጠራ መጥቶ የሚያስተምር እንግዳና ሳይጠይቅ እንዲማር የተነገረው ባለቤት በየቦታው መጋጨታቸው አያስደንቅም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ይህ በከፊል ታርሟል። ትምህርቱ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች በመሰጠቱና ማስተማሪያ ጣቢያው በየቀበሌው በመተከሉ፣ ሥራው ወደ ባለቤቱ ቀረበ። አገራችንም በዚህ ጥረት እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝታለች።

መ. የጃፓን በጎ ፈቃደኞች በእኛ አገር

የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 የባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት አቋቁሞ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ልኳል። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1971 በተጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተሰለፉ ነበሩ። ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች፣ ከአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላትና ከሌሎችም ጋር በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ ሕሙማንን ፈልገዋል፤ ክትባት ሰጥተዋል። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ተመዘገበ። ይህ ሥራ ከሁለት ሳምንት ካምፕ ጋር ሲነጻጸር ሦስት ልዩነቶች ይታዩበታል። በጎ ፈቃደኛው ለረጅም ጊዜ ቆይቷል፤ የሚሠራውን ሥራ ተምሮ መጥቷል፤ ውጤቱም በማያሻማ ቁጥር ይለካ ነበር። አገሩን፣ ቋንቋውንና የሰውን ጠባይ ያስተማሩት ግን ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹና መንገድ መሪዎቹ ናቸው።

ሠ. ጣና

እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ሐይቅ ላይ በስፋት መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ጉዳቱም አስቀድሞ የተሰማው በሰሜን ዳርቻ፣ በደምቢያ በኩል ነበር። ገበሬው እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅለው ጀመር። በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት፣ አገሪቱ በብሔር ግጭት በምትታመስበት ወቅት፣ ከሁለት መቶ በላይ የኦሮሞ ወጣቶች «ጣና ኬኛ»፣ ማለትም ጣና የእኛ ነው ብለው፣ አረሙን ለመንቀል ከኦሮሚያ ወደ ጣና መጡ። ሴሬዞል በፈረንሳይ የተመኙት ነገር በእኛ ሐይቅ ዳር ለጥቂት ቀናት ታየ ለማለት ያስደፍራል። አረሙ ግን በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የመሆን ኃይል ስላለው የጥቂት ቀን ጉልበት አልበገረውም፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እንደገና ሰፊ የነቀላ ዘመቻ አስፈልጓል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን ነው። ለእርቅ ሲሆን አጭር ካምፕ ትልቅ ዋጋ አለው። ለሥራው ፍጻሜ ግን ከእንግዳው በኋላ በቦታው የሚቀር፣ በየሳምንቱ የሚመለስ እጅ ያስፈልጋል።

፭. የሂሱ ፍርድ

ከላይ የተዘረዘሩትን ስናነጻጽር አንድ መስመር ይታየናል። ጠሪው ባለቤቱ በሆነበት ሥራ፣ እንግዳው ደቀ መዝሙር ሆኖ ክብር አግኝቷል። ጠሪው ሌላ በሆነበት ሥራ፣ እንግዳው መምህር ሆኖ ተቃውሞ አጋጥሞታል። የጃፓኑ መንደር ካምፕ የተሳካው ጃፓን ስለበለጸገች ብቻ አይደለም፤ መንደሩ የጠሪነቱን ሥልጣን ስላልለቀቀም ጭምር ነው። እንግዲህ ከጃፓን መውሰድ የሚገባን የካምፑን ቅርጽ፣ የተሳታፊዎቹን ዜግነት ወይም የሁለት ሳምንቱን ልክ አይደለም፤ የጠሪነቱን ሥርዐት ነው። እርሱ ደግሞ ከእኛ ደቦ የተለየ አይደለም።

በዚህ መሠረት ለመጀመሪያው ሐሳብ የሚሰጠው መልስ ልከኛ ነው። ዕድሉን ያገኘ የጎንደር ወጣት ወደ ጃፓን መንደር ቢሄድ ይጠቀማል፤ ይልቁንም የበለጸገ አገር ሽማግሌም ረዳት እንደሚፈልግ፣ ኢትዮጵያዊም ተረጂ ብቻ ሳይሆን ረዳት ለመሆን እንደሚችል በዓይኑ ያያል። ነገር ግን በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች የሚደርስ ዕድል የትምህርት ዕቅድ መሠረት ሊሆን አይችልም። ለሁለተኛው ሐሳብ የሚሰጠው መልስ ደግሞ አዎንታ ነው፤ ሆኖም ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ጠሪው፣ ቀጥሎ የአገሩ ልጅ፣ በመጨረሻ የውጭ እንግዳ።

፮. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በሰሜን ጎንደር ደጋ ትምህርት ቤቶችን በጋራ ሥራ ለመጠገን የሚያስብ ሁሉ የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያጤን ይበጃል።

1. ጥሪው ከባለቤቱ ይምጣ። የሚሠራውን ሥራ የሚመርጠው የትምህርት ቤቱ የወላጆች፣ የመምህራንና የተማሪዎች ኅብረት ይሁን። ጥሪው በጽሑፍ ይቅረብ፤ የቀረበለትን እርዳታ አልፈልግም የማለት መብቱም የተጠበቀ ይሁን።

2. የሥራው መሪ ባለሙያው ይሁን። ግንበኛው፣ አናጢው፣ እርከን የሚክበው ገበሬ ለዕለቱ መምህር ናቸው፤ ዋጋቸውም ይከፈላቸው። ተማሪውና መምህሩ ረዳቶች ናቸው።

3. ወቅቱ ይታወቅ። የክረምት ዕረፍት ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመራጭ ሆኖ የቆየው ተማሪው ነፃ ስለሆነ ነው። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የጭቃ ግድግዳ አይደርቅም፤ ክረምት ለችግኝ እንጂ ለግንባታ አይሆንም። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ደጋው ገብስ ያጭዳል፤ ልጁም ለቤተሰቡ ያስፈልጋል። አውድማው ሲነሣና ጭዱ ሲገኝ፣ በጥርና በየካቲት፣ ለግንባታና ለእርከን የሚመች ጊዜ አለ። የትምህርት ዘመን መቁጠሪያ ለዚህ የሚሆኑ ጥቂት ቀናት መለየት ይችላል።

4. የሚበላው ነገር ሥራ ተብሎ ይቆጠር። ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች በቁፋሮውም በምግብ ማብሰሉም በእኩል ተራ ይግቡ። ይህ ብቻውን በደቦ ላይ የሚጨመር ታላቅ መሻሻል ነው።

5. ብድሩ ይመለስ። የጎንደር ከተማ ተማሪዎች በደባርቅ ወይም በዳባት አንድ የመማሪያ ክፍል ሲጠግኑ፣ የደጋው ተማሪዎች በተራቸው ወደ ከተማ ይጋበዙ። በቅርስ ባለሙያዎች መሪነት ከጥምቀት በፊት በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያለውን ግቢ ቢያጸዱ፣ ከተማውም የደጋውን ልጅ እንደ ወንፈል ባልንጀራ ያየዋል።

6. ሥራው ወደ ክፍል ይግባ። የእርከኑ ርዝመትና ቁልቁለት ለሒሳብ፣ አፈሩ ለሳይንስ፣ የሽማግሌው ምክር ለአማርኛ ድርሰት የትምህርት ርዕስ ነው። ያልተጻፈና ያልተመረመረ ሥራ ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

7. ፈቃድ ፈቃድ ይሁን። ስም እየተጠራ የሚወጣበት፣ የቀረ የሚቀጣበት ሥራ የሥራ ትምህርት ሊባል ይችላል፤ በጎ ፈቃድ መባል ግን አይገባውም። እንዲሁም ጸጥታው ባልተረጋገጠበት ቦታ ተማሪን ማሠማራት በማናቸውም ስም ሊፈቀድ አይገባም።

የውጭ በጎ ፈቃደኞችን በሚመለከት፣ በር መዝጋት አይጠቅምም። ከጃፓንም ሆነ ከሌላ አገር የሚመጣ ወጣት በባለቤቱ ጥሪ፣ በግንበኛው ትእዛዝ ሥር፣ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጎን ድንጋይ ቢያቀብል መልካም ተማሪ ይወጣዋል። ሺራካዋ ጎን የሚያውቅ ከሆነ፣ ስለ ወንፈል የሚነገረውን ለመረዳት አይቸግረውም። የእርሱ አለመምጣት ግን ሥራውን ሊያስቀር አይገባም። ያለ እንግዳ የማይቆም ካምፕ ለባለቤቱ የተሠራ አይደለምና።

ስለዚህ በጋራ ሥራ ትምህርት ቤት ለመጠገን የሚቀርብ ማናቸውም ዕቅድ፣ ከበጀቱና ከሠራተኛው ቁጥር በፊት፣ ሥራውን የጠየቀውን መንደርና የጠየቀበትን ቀን ይመዝግብ። ያ መስመር ባዶ የሆነበት ዕቅድ ወደ አቅራቢው ተመልሶ እንዲሟላ ቢደረግ፣ ለተማሪውም ለመንደሩም የሚተርፈው ትርፍ ብዙ ነው።